የተለገሰ ልብስ ይሸጥ ወይስ ይታደል? ከተሸጠስ በስንት?

አወያይ፦ ሰላም የጎንደር ልጆች። የዛሬው ክርክራችን ስለ ልብስ ነው። ነገሩን ላልሰማችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ፒያሳ አካባቢ አንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር ከየቤቱ የተለገሰ ልብስና ጫማ እየሰበሰበ በአንዲት ክፍል ይሸጣል። ገቢው ጧሪ ለሌላቸው አረጋውያን የቤት ኪራይና ለተማሪዎች ደብተር ይውላል። ሰሞኑን ታዲያ ጉርምርምታው በዛ። ግማሹ «በነፃ የመጣ ልብስ ለምን በዚህ ዋጋ?» ይላል። ግማሹ ደግሞ «ነጋዴ በጠዋት ገብቶ ምርጥ ምርጡን እየለቀመ ቅዳሜ ገበያ ይቸበችበዋል» ይላል። ይሸጥ ወይስ ይታደል? ከተሸጠስ ዋጋው ምን ታይቶ ይቆረጥ? የማኅበሩን ስም አንጥራ። ስድብም አያስፈልግም።

የማራኪ ተማሪ፦ እኔ ያደግሁት ቆላ ነው። የጎንደር ክረምት እንዲህ እንደሚያንዘፈዝፍ ማን ነገረኝ? ጃኬት ፍለጋ እዚያች ክፍል ሄድኩ። ጥቁር፣ ባለ ኮፍያ፣ ዚፑ ደህና የሆነ አንድ አየሁ። ወረቀቱ ላይ 1,400 ብር ይላል። ሰው አውልቆ የሰጠው ጃኬት 1,400! ለተማሪ የማይሆን ዋጋ ከሆነ ለማን ነው የተሰበሰበው? ይታደል ባይ ነኝ። ቢያንስ መታወቂያ ላሳየ ተማሪ በነፃ ይሰጥ።

ኮት የሰጠሁት፦ እኔ ደግሞ ለጋሽ ነኝ። የአባቴን ኮት የሰጠሁት ለድሃ ይሁን ብዬ ነው። ከዚያ ሄጄ ሳይ ማንጠልጠያ ላይ ከነዋጋው ተሰቅሏል። ደሜ ፈላ። «ሁለት ልብስ ያለው ለሌለው ያካፍል» ነው የተባልነው፤ «ይሽጥለት» አልተባልንም።

ዋጋ የምጽፈው፦ 1,400 ብሎ የጻፈው እጅ የእኔ ነው፤ በበጎ ፈቃድ ነው የምሠራው። ጃኬቱን ገልብጣችሁ እዩት። ውስጡ ላባ ነው። ስፌቱ የትም አልተፈታም። ሐምሌ 2016 የብሩ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አዲስ ጃኬት በስንት እንደሚሸጥ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከዚያ በፊት ተመሳሳዩን 500 ብር ጽፌበት ነበር። ገና በሩ ሲከፈት አንድ ሰው አነሳው። በዚያው ሳምንት አንድ ሱቅ ደጃፍ ላይ 1,800 ተብሎ ተሰቅሎ አገኘሁት። ያ 1,300 ብር ለአንዲት እናት ኪራይ መዋል ይችል ነበር። እኔ ዋጋ ባወረድኩ ቁጥር ርካሹን የሚያገኘው የቸገረው ሰው አይደለም። ቀድሞ የደረሰው ነው።

ቅዳሜ ገበያ ሠሪ፦ ያ «አንድ ሰው» እኔም ልሆን እችላለሁ፣ እህቴ። አልደበቅም። ግን ሌባ አታስመስዪኝ። ዋጋ ጻፍሽ፣ ከፈልኩ፣ ገንዘቡ ገባላችሁ። ከዚያ በኋላ አሳጥባለሁ፣ እተኩሳለሁ፣ የተበላሸ ዚፕ አስቀይራለሁ፣ የመደብ ኪራይ እከፍላለሁ። ያልተሸጠው እኔው ላይ ይቀራል። እኔ ከሰልባጅ ጋር ነው ያደግሁት። ቦንዳ ሲገዛ ታስሮ ነው። ውስጡን የሚያውቀው ፈጣሪ ብቻ ነው። አንዳንዴ ስትፈቺው ግማሹ የሕፃን ቁምጣ ይሆናል። እናንተ ጋ ግን በዓይኔ አይቼ፣ ዳስሼ ነው የምወስደው። ታዲያ ለምን አልመጣም? እንጀራዬ ነው።

ኮት የሰጠሁት፦ አየር በአየር ማለት እኮ ይኸው ነው።

ቅዳሜ ገበያ ሠሪ፦ አየር በአየር ሳይነኩ መሸጥ ነው። እኔ በካውያ እጄን አቃጥያለሁ።

የአዘዞ እናት፦ ልጆቼ፣ አንድ ነገር ልበል። ይታደል የምትሉት በነፃ ሲታደል ቆማችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሰው በፀሐይ ይሰለፋል። ስሙ ይጠራል። ከዚያ ሹራቡን አንገቱ ላይ አድርገውለት ፎቶ ያነሱታል። መጠኑ ይሁን አይሁን የሚጠይቀው የለም። ጎረቤቴ እንዲህ አድርገው ጠባብ ጫማ ሰጥተዋት እስካሁን ጥግ ላይ አለ። እዚያች ክፍል ስገባ ግን እኔ ገዢ ነኝ። አነሳለሁ፣ እጥላለሁ፣ «ይቺ ኮሌታዋ አልቋል፣ ቀንሱልኝ» እላለሁ። ይቀንሱልኛል። ይህን ማንም እንዳይቀማኝ። ዋጋው ግን ይውረድ፤ ተማሪው እውነቱን ነው።

የማራኪ ተማሪ፦ እናታችን፣ ፎቶውንስ አላሰብኩትም ነበር። እሺ ይሸጥ። በስንት የሚለው ላይ ግን አልለቅም።

ልብስ ሰፊው፦ በስንት ከማለታችሁ በፊት ምን እንደምትገዙ እወቁ። ሃያ ዘመን መርፌ ይዤ የማየው ስህተት አንድ ነው። ሰው የሚያየው ፊት ለፊቱን ነው። ኮት ሲሆን መጀመሪያ ብብቱን ገልብጡት። ላብ የበላው ጨርቅ ሲሳብ ክሩ ይለያያል። ቀጥሎ የእጅጌውን ጫፍና የኮሌታውን እጥፋት እዩ። ገበሩ ቢቀደድ አያስደንግጣችሁ፤ ገበር ይቀየራል። የትከሻው ጨርቅ ከሳሳ ግን ማንም አያድነውም። ሱሪን በሁለት እጃችሁ ወጥራችሁ ወደ መስኮት ያዙት። ጭንና ጭን የሚፋተጉበት ቦታ ላይ ብርሃን ካሳለፈ ተዉት። የሱፍ ሹራብ ከሆነ የብል ቀዳዳ የሚጀምረው ከማይታይበት ነው፤ ከብብት በታችና ከኮሌታው ሥር። አንድ ክር ከውስጥ መዛችሁ ክብሪት ብታስነኩት ሱፍ እንደ ፀጉር ይሸታል። ሰው ሠራሹ ቀልጦ ይጠቀለላል።

አሁን ወደ ጫማ ልምጣ፣ ብዙ ሰው የሚከስረው እዚህ ነው። አዲስ የሚመስል፣ ታኮው ያልተበላ ስፖርት ጫማ ታያላችሁ። «ያልተነካ!» ብላችሁ ትዘላላችሁ። ያልተነካ መሆኑ ነው ጠንቁ። አንዳንዱ ለስላሳ ሶል ዓመታት ሲቀመጥ ከአየሩ እርጥበት የተነሳ ከውስጥ ይፈርሳል። ሳይደረግ የቆየ ስለሆነ ከላይ አይታወቅም። በሳምንቱ አውቶ ፓርኮ ስትደርሱ ሶሉ እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረፈራል። ስለዚህ ጫማውን አጥፉት፣ ሶሉን በአውራ ጣት ጫን በሉት፣ በጥፍርም ቧጨር አድርጉት። ዱቄት ካወጣ አስቀምጡት፤ 50 ብርም አያወጣም።

ዋጋ የምጽፈው፦ ጋሼ፣ ይህን በአካል መጥተው ቢያሳዩን? እኛ ብዙ ጊዜ የምናየው የውስጡን ምልክት ነው። ስም ያለው ከሆነ እንጨምራለን።

ልብስ ሰፊው፦ እሱ ነው ችግራችሁ። ስሙን አትልበሱት። ደግሞ ስሙ ኦሪጅናል ለመሆኑ ማን ምሎላችሁ?

እንግሊዝ ያለሁ ጎንደሬ፦ ክርክራችሁ እዚህ ያለውን ነው የመሰለኝ። እንግሊዝ ውስጥ የበጎ አድራጎት ሱቅ በየሰፈሩ አለ። ኦክስፋም የሚባለው የእርዳታ ድርጅት ኦክስፎርድ ከተማ ብሮድ ስትሪት ላይ ሱቅ የከፈተው በፈረንጆቹ 1940ዎቹ መጨረሻ ነው። ሰው በነፃ ይሰጣል፣ በጎ ፈቃደኞች ዋጋ ይለጥፋሉ፣ ገቢው ለእርዳታ ይሄዳል። ለጋሹ ግብር ከፋይ ሆኖ ቅጽ ከሞላ መንግሥት በእያንዳንዱ ፓውንድ ሽያጭ ላይ 25 ፔንስ ይጨምርላቸዋል። ለጋሽ ወንድማችን፣ እዚህ ኮቱ ተሰቅሎ ሲያይ የሚናደድ ሰው የለም፤ ከመጀመሪያው ሱቅ እንደሆነ ያውቃል። እናንተ ጋ ያልተነገረ ይመስለኛል።

የዋጋው ጭቅጭቅ ግን እዚህም አለ። አሁን አሁን ብዙዎቹ ኢንተርኔት ላይ በስንት እንደሚሸጥ እያዩ ነው ዋጋ የሚጽፉት። የድሮው «አገኘሁ!» እየጠፋ ነው። ልብስ ሰፊው ያሉት ስህተት ደግሞ እዚህም ይሠራል። ርካሽ ቲሸርት ስም ስላለው ብቻ ይወደዳል፣ አዲሱ ማዶ ካለው ሱቅ በዚያው ዋጋ እየተሸጠ። ከጎኑ ወፍራም የሱፍ ሹራብ፣ ምልክቱ የተቆረጠ፣ በሳንቲም ይሄዳል። እኔ የምገዛው ሁሌ ምልክት የሌለውን ነው። ያልተሸጠው በኪሎ ለጨርቅ ነጋዴ ይሄዳል። ከዚያ ታስሮ ብዙው ወደ አፍሪካና ወደ ምሥራቅ አውሮፓ ይጫናል።

ቅዳሜ ገበያ ሠሪ፦ ታዲያ ያንተ ሰፈር ሰው ያልፈለገው ነው እኔ ቦንዳ ፈትቼ የምሸጠው? ወይ ጉድ።

ኮት የሰጠሁት፦ ልባሽ ጨርቅ ለንግድ ወደ አገር ማስገባት እኮ የተከለከለ ነው። ሸማኔውንም የልብስ ፋብሪካውንም ይጎዳል። ሩዋንዳ እንኳ በ2016 እ.ኤ.አ. ቀረጡን በኪሎ ከ20 ሳንቲም ወደ 2 ዶላር ከ50 አድርሳዋለች። አሜሪካ በ2018 ልብስ ከቀረጥ ነፃ የመላክ ዕድሏን ብታግድባትም አልተመለሰችም።

አወያይ፦ ይሄ ትልቅ ክርክር ነው፤ ሌላ ቀን እንከፍተዋለን። የዛሬው ከዚሁ ከጎንደር ቤቶች ስለወጣ ልብስ ነው፤ ድንበር አላቋረጠም። የራሴን አቋም ልናገር። ይሸጥ ባይ ነኝ። ከእናታችን ንግግር በኋላ ስለ እደላ የምለው የለኝም። ግን ዋጋው በምልክት ሳይሆን በልብሱ ሁኔታ ይቆረጥ፤ ልብስ ሰፊው እንዳሉት ብብቱ፣ ጭኑ፣ ሶሉ ታይቶ። ነጋዴ አይከልከል። ብንከለክለውም ወንድሙን ይልካል። ይልቅ የቅዳሜ ጠዋት ለአንድ ሰው ከሁለት ዕቃ በላይ አይሸጥ። ከሰዓት በኋላ የፈለገ ያሻውን ይጫን። በሩ ላይም «የተለገሰ ልብስ ይሸጣል፤ ገቢው ለዚህ ይውላል» ተብሎ በትልቁ ይጻፍ። ኮት የሰጠው ወንድማችን የተናደደው በሽያጩ አይመስለኝም። ስላልተነገረው ነው።

ኮት የሰጠሁት፦ በሽያጩም ነው። ግን ቢጻፍ ግማሹ ንዴቴ ይበርድ ነበር። በወሩ ስንት ብር ገብቶ ለማን እንደደረሰም ይለጠፍ። ያኔ ሁለተኛውን ኮት አመጣለሁ።

የማራኪ ተማሪ፦ ሁለት ዕቃ የሚለው ጥሩ ነው። እኛ ግን ቅዳሜ ጠዋት ቤተ መጻሕፍት ነን። ሌላ ቀን ይጨመር።

ዋጋ የምጽፈው፦ የቀኑን ጉዳይ እናነሳለን። ሌላም ያሰብነው አለ። ወረቀቱ ላይ ልብሱ የተሰቀለበት ቀን ይጻፋል። ሦስት ሳምንት ያልተሸጠ በግማሽ ዋጋ ይሆናል። ውድ ብጽፍ ስህተቴን ገበያው ያርመዋል። ማንጠልጠያ ላይ ከርሞ ብል ከሚበላውም ይሻላል።

ቅዳሜ ገበያ ሠሪ፦ ይሄን እኔ ባለሁበት ነው የምትናገሪው? ምርጡን አይቼ፣ ሦስት ሳምንት ጠብቄ፣ በግማሽ እወስደዋለኋ!

የአዘዞ እናት፦ ጠብቅ እሺ። ምርጡን ሦስት ሳምንት የሚያስቀምጥልህ ሰው ካለ።

ልብስ ሰፊው፦ ጠብቆ ለወሰደውም ዚፕ የምቀይረው እኔው ነኝ። ዋጋዬ ቁርጥ ነው።