ዲቪዲ ማስገቢያ በሌለው ላፕቶፕ ሶፍትዌር እንዴት ልጫን? እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ላፕቶፔ የዲቪዲ ማስገቢያ የለውም፣ መጫን የምፈልገው የሂሳብ ሶፍትዌር ደግሞ በዲቪዲ ብቻ ነው ያለኝ። በጓደኛዬ ዴስክቶፕ ከፍቼ ወደ 16 ጊጋ ፍላሽ ኮፒ ሳደርገው አንዱን ፋይል ትልቅ ነው ብሎ እምቢ አለኝ፣ ፍላሹ ባዶ ሆኖ እያለ! ለካ ፍላሹ የተፎረመተበት ፋት32 የሚባለው የፋይል አያያዝ ዓይነት ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም፣ ኤንቲኤፍኤስ ወደሚባለው ሌላ ዓይነት ፎርማት አድርጌው ያ አለፈ። አሁን ግን ሴትአፑን ስከፍተው ግማሽ ድረስ ይሄድና ዲስኩን አስገባ ብሎ ቀጥ ይላል፣ ኦኬን ደጋግሜ ብጫንም ያው ነው። ዲቪዲውን እንዳለ አይኤስኦ ፋይል (የዲስኩ ሙሉ ቅጂ በአንድ ፋይል) አድርጌ ዊንዶውስ 10 ላይ ማውንት ባደርገው (እንደገባ ዲስክ ብከፍተው) እንደ ዲስክ ያየዋል ወይስ በዩኤስቢ የሚሰካ ድራይቭ መፈለግ ግድ ነው? የሞከራችሁ ካላችሁ በናታችሁ ንገሩኝ፣ የስራ ፋይሎቼ በሙሉ በሱ ብቻ ነው የሚከፈቱት።