ያልተመዘገበ ቀፎ ከኔትወርክ ይዘጋ? የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች ክርክር

የቡድኑ አስተባባሪ (ደሴ)፦ እሑድ ፒያሳ ቡና ላይ የጀመርነው ክርክር ሒሳብ ሳንከፍል ሊያስኬደን ነበርና እዚህ እንቀጥለው። ላልነበራችሁ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ቀፎ 15 አኃዝ ያለው መለያ ቁጥር አለው፤ ኮከብ፣ መሰላል፣ 06፣ መሰላል ስትነኩ ስክሪኑ ላይ የሚመጣው ነው። ሳይፈተሽና ሳይመዘገብ የገባ ወይም ቁጥሩ የተጭበረበረ ቀፎ ከኔትወርክ ይዘጋ ወይስ አይዘጋ? በ2010 መጀመሪያ ላይ ምዝገባው ሲመጣ የነበረውን ግርግር ታስታውሳላችሁ፤ ኋላ ተቋረጠ፣ ሐሳቡ ግን አልሞተም። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ደግሞ የቴሌኮም ዕቃ ደረጃን የመወሰንና የማጽደቅ ሥልጣን አለው። ስድብ የለም። ፖለቲካም አይነሳም፤ ባለፈው ስለ ቻርጀር ጀምረን የት እንደደረስን ታውቃላችሁ።

የሞባይል ጠጋኙ (ፒያሳ)፦ እኔ አይዘጋ ባይ ነኝ። ማስረጃዬ አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ተዘርግቷል። ጠዋት አንዲት እናት ከኩታበር መጡ። የነጠላቸውን ቋጠሮ ፈትተው ባለ ቁልፍ ቀፎ አወጡ፤ ባትሪው አብጦ የኋላ ክዳኑን እንደ ድፎ ዳቦ ገፍቶታል። ባትሪውን ሳነሳ ከሥሩ የተለጠፈው ወረቀት ላይ አንድ ቁጥር አለ፤ ኮከብ መሰላል ብዬ ሳየው ስክሪኑ ላይ የመጣው ሌላ ነው። ይህ ብቻ ቢሆን አይገርመኝም ነበር። መሳቢያዬ ውስጥ ባለቤቱ ያልተመለሰለት ተመሳሳይ ቀፎ ነበርና አበራሁት፤ ያው ቁጥር፣ 15ቱም አኃዝ አንድ ናቸው። እንግዲህ ይህን ቁጥር የሚዘጋ ሰው ስንት ቀፎ እንደሚዘጋ ራሱም አያውቅም። «እትዬ፣ ስልክዎ የተጭበረበረ ነው» ስላቸው ደንግጠው «ልጄ፣ እኔ ማንንም አላጭበረበርሁም» አሉኝ። መልስ አጣሁ።

ነጋዴው (ኮምቦልቻ)፦ ወንድሜ፣ ክርክር በተነሳ ቁጥር አንዲት እናት ከፊት ይቆማሉ። እርሳቸውን ያጭበረበራቸው ማን ነው ብለህ ብትጠይቅ ግን ወደ እኔ ሐሳብ ትመጣ ነበር። እኔ ዕቃዬን በጉምሩክ አሳልፌ፣ ቀረጥ ከፍዬ፣ ደረሰኝ ቆርጬ፣ ዋስትና ጽፌ እሸጣለሁ። ከሱቄ በር ላይ ቆሞ ከጃኬቱ ኪስ የሚሸጠው ሰው ከእነዚህ አንዱንም አያደርግም፤ በዚያ ላይ ገዢዎቼን «እሱ ጋ ውድ ነው» እያለ ይመልስብኛል። ኔትወርኩ ቢዘጋበት ማን ይገዛዋል? በየኬላው ፈታሽ ከማቆም ይልቅ ቀፎውን ጥቅም የለሽ ማድረግ ይቀላል።

ተማሪው (ወሎ ዩኒቨርሲቲ)፦ እኔም ይዘጋ እላለሁ፤ የእኔ ምክንያት ግን ሌባ ነው። መናኸሪያው በር ላይ ስልኬን ከእጄ መንጭቆኝ ሄደ። ላመለክት ስሄድ «ቁጥሩን አምጣ» አሉኝ። ቁጥሩ የተጻፈው ካርቶኑ ላይ ነበር፤ ካርቶኑን የግቢው ጓደኛዬ የሽንኩርት ማስቀመጫ አድርጎት ኖሮ ግማሹ ርሶ ተቀዷል። 15 አኃዝ ነው የምትሉት? ሰባቱ ብቻ ተርፈው ነበር።

የሞባይል ጠጋኙ፦ አይዞህ። የተሰረቀ ቀፎ ሲዘጋማ አልቃወምም፤ ባለቤቱ ራሱ ነው ዝጉልኝ ያለው። ያልተመዘገበውን ከእሱ ጋር አትቀላቅሉት።

ከጅዳ የተመለሰችው (ሐይቅ)፦ እኔ ከገባሁ እናገራለሁ። ስድስት ዓመት ሰው ቤት ሠርቼ ስመለስ ሦስት ቀፎ ይዤ ነበር፤ አንዱን ለእናቴ፣ አንዱን ለወንድሜ፣ አንዱን ለራሴ። ሦስቱም ከትልቅ ሱቅ የተገዙ፣ ደረሰኝ ያላቸው ናቸው። ያልተመዘገበ ይዘጋል ከተባለ የእኔ ስልክ ከኮንትሮባንድ ጋር ሊቆጠር ነው? ወሎ ውስጥ ከዐረብ ሀገር የመጣ ስልክ የሌለበት ቤት ካለ ንገሩኝ። አየር ማረፊያ ላይ መዝግበሽ እለፊ ቢሉኝ ደስ እያለኝ እመዘገብ ነበር። ነገር ግን እናቴ እጅ ከገባ ከዓመት በኋላ ነው «አልተመዘገበም» የሚባለው። ደግሞ በ2014 ተፈናቅለን ስንመለስ ቤቱ ባዶ ሆኖ ሲጠብቀን ሁሉም ያገኘውን ቀፎ ገዛ፤ ካርቶን የጠየቀ ሰው አላየሁም።

ነጋዴው፦ እህቴ፣ አንቺን የሚነካ ነገር አላልሁም። ለግል መገልገያ የመጣ በቀላሉ ይመዝገብ።

የኔትወርክ ባለሙያዋ (ኮምቦልቻ)፦ ሁላችሁም ስለ ቀፎ ብቻ ስትነጋገሩ ደረጃ ለምን እንዳስፈለገ ተረሳ። አንድ ነገር ልንገራችሁ። እዚሁ ኮምቦልቻ አንድ ሰፈር ማታ ማታ ስልክ መደወል አቃተው። አንቴናው ሙሉ ነው፣ ድምፅ ግን አያልፍም። ማማው ላይ ወጥተን ኬብሉን ፈተሽን፤ ጤነኛ ነው። የማማውን መሣሪያ ካርድ ቀየርን፤ ያው ነው። ከዚያ የሞገድ መለኪያ ይዘን በእግር ሁለት ምሽት ዞርን፤ አንድ ሕንፃ አጠገብ ስንደርስ መለኪያው ላይ መስመሩ ተነስቶ ግድግዳ ሆነ። ባለቤቱ «ምድር ቤቴ ውስጥ ኔትወርክ አይገባም» ብሎ ከገበያ የኔትወርክ ማጉያ ገዝቶ አስተክሏል፤ ማታ ደንበኛ ሲመጣ ያበራዋል። የውጪውና የውስጡ አንቴና ተቀራርበው ማጉያው የራሱን ድምፅ እየሰማ ይጮኽ ነበር። ሠርግ ቤት ማይክሮፎን ድምፅ ማጉያው አጠገብ ሲቀርብ የሚሆነውን ታውቃላችሁ፤ ልክ እንደዚያ ነው። ማማው በዚያ ጩኸት ደንቁሮ የሰፈሩን ስልክ መስማት አቃተው። ሰውዬው ክፉ አይደለም፤ ቡና አፍልቶ ጠበቀን። እሱ ግን ሙሉ አንቴና ሲያይ ጎረቤቱ አምቡላንስ መጥራት አይችልም ነበር።

ቀፎ ይህን አያደርግም። በ900 ሜጋኸርዝ የሚሠራ የሁለተኛ ትውልድ ቀፎ ትልቁ ኃይሉ 2 ዋት ነው፣ በአራተኛው ትውልድ ደግሞ በተለምዶ 0.2 ዋት፤ እሱንም ማማው ቀንስ ሲለው ይቀንሳል። ስለዚህ ጥብቅ እንሁን ከተባለ የምጀምረው ከማጉያው ነው።

የሕግ ባለሙያው (ደሴ)፦ ስለ ማጉያው እህታችን ያለችው የዋዛ አይደለም። የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 ያለ ፈቃድ የቴሌኮም መሣሪያ ያስገባን ወይም የሸጠን ከ10 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራትና ከ100 ሺህ እስከ 150 ሺህ ብር መቀጮ ይጠብቀዋል ይላል። ይዞ ወይም ሲጠቀም የተገኘም ከ1 እስከ 4 ዓመት። ቡና ያፈላው ሰውዬ ይህን ቢያውቅ ስኳሩን ይረሳው ነበር። አዋጁ ፈቃድ የማያስፈልጋቸውን የዕቃ ዓይነቶች ለይቶ የመወሰንን ሥልጣን በጊዜው ለነበረው የመገናኛና ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ሰጥቷል፤ እንግዲህ ሕጉም ቢሆን ሁሉን በአንድ ዓይን አላየም። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ቀፎ ንብረት ነው። አንድ ሰው ንብረቱ ከጥቅም ውጪ ሲሆንበት አስቀድሞ ሊነገረው፣ «ተሳስታችኋል» የሚልበት ቦታም ሊኖረው ይገባል። ማሽን ሌሊት ዘግቶት ጠዋት ለማን አቤት ይባላል?

የቀድሞ የቴሌ ሠራተኛ (ጡረታ፣ ደሴ)፦ ልጆቼ፣ ዓይኔ ደክሞ ስለምጽፍ አጭር ነው። ደረጃ የተጀመረው ሰው ለመቅጣት አልነበረም። ድሮ ቴሌግራም ድንበር ላይ ሲደርስ በእጅ ተጽፎ ለጎረቤት ሀገር ይሰጥ ነበር፤ መሣሪያው ስለማይገጥም። በ1865 እንደ ፈረንጆቹ ፓሪስ ላይ ተሰብስበው የቴሌግራፍ ኅብረት የፈጠሩት ለዚህ ነው። እኛም በዚያው በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1932 አባል ሆነናል። አንድ ጥያቄ አለኝ፦ የእነዚህ ቀፎዎች ጨረር ይጎዳል ይባላል፤ እውነት ነው?

የኔትወርክ ባለሙያዋ፦ ጋሼ፣ እንኳን ጠየቁ። ወሰን አለው። ሰውነት የሚቀበለው ኃይል በአውሮፓ በአንድ ኪሎ ግራም የሰውነት ሥጋ 2 ዋት፣ በአሜሪካ 1.6 ዋት ነው፤ አለካካቸውም ይለያያል። ያልተፈተሸ ቀፎ ከዚህ ይለፍ አይለፍ ማንም አላየውም፤ አለመፈተሹ ራሱ ነው ችግሩ። እርስዎ ግን ከጨረሩ ይልቅ ቻርጀሩን ይፍሩ።

የሞባይል ጠጋኙ፦ በዚህስ እስማማለሁ። ርካሽ ቻርጀር ከፍቼ አይቻለሁ፤ 220 ቮልት የሚገባበት ጎንና ወደ ስልኩ የሚሄደው ጎን መካከል የጥፍር ያህል እንኳን ክፍተት የለም፣ ፊውዝ የለም። ልጅ ስልኩ ቻርጅ ላይ እያለ ሲነካው ሊነዝረው ይችላል። ይህንስ ዝጉት! ግን በምን ቁጥር ትዘጉታላችሁ? ቻርጀር መለያ ቁጥር የለውም። ያልደረስንበትን ትተን የቀለለንን ነው የምንዘጋው።

ነጋዴው፦ ኬንያስ? እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2012 መስከረም መጨረሻ ላይ 1.9 ሚሊዮን ገደማ የሐሰት ቀፎ ዘጋች። ሀገሪቱ አልፈረሰችም። ታንዛኒያም በ2016 ሰኔ ላይ ዘግታለች።

የሕግ ባለሙያው፦ ኬንያ ቀኑን ደጋግማ አራዝማለች፤ ሰው የቀፎውን ቁጥር በአጭር መልእክት ልኮ እውነተኛ መሆኑን የሚያረጋግጥበት መንገድም ዘርግታ ነበር። ያን ሳትጠቅስ 1.9 ሚሊዮኑን ብቻ አታምጣ።

የሞባይል ጠጋኙ፦ ከዘጉ በኋላ ምን እንደሚመጣ ደግሞ ከእኔ ስሙ። «ቁጥር ጻፍልኝ» የሚል ይመጣል። በ2010 ብዙ መጡብኝ። የእውነተኛ ቀፎ ቁጥር ተቀድቶ የሐሰቱ ላይ ይጻፋል። አልሠራም ብዬ መለስኋቸው፤ ከእኔ ሱቅ ወጥተው ግን ቤታቸው የሄዱ አይመስለኝም።

የኔትወርክ ባለሙያዋ፦ እውነቱን ነው። ከ15ቱ አኃዝ የመጀመሪያዎቹ 8 ሞዴሉን ይናገራሉ፣ ቀጣዮቹ 6 ያንን አንድ ቀፎ፣ የመጨረሻዋ ደግሞ ሌሎቹ በትክክል መጻፋቸውን የምታረጋግጥ ናት። በዘፈቀደ የተጻፈ ቁጥር ቶሎ ይያዛል። ከእውነተኛ ቀፎ የተቀዳ ግን መዝገቡ ውስጥ ስላለ ያልፋል፤ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ሲሠሩ ቢታይ እንኳን የትኛው ዋናው እንደሆነ ኔትወርኩ በቀላሉ አያውቅም። ዝጋ ብትለው ሁለቱን ይዘጋል፤ አንዱ ያች እህታችን ከጅዳ በደረሰኝ የገዛችው ሊሆን ይችላል። የእኔ አቋም ይኸውላችሁ፦ ፍተሻው መግቢያው ላይና ሻጩ ላይ ይጥበቅ፣ ሰው እጅ የገባው ቀፎ እስኪያረጅ ይሠራ፣ የተሰረቀው ወዲያው ይዘጋ፣ ማጉያ ደግሞ ያለ ፈቃድ አንድም አይተከል።

ነጋዴው፦ «ሻጩ ላይ» ያልሽው ይገርማል። ሱቅ ያለው ሻጭ እኔ ነኝ፤ ታፔላዬን አይተው እኔ ጋ ነው የሚመጡት። ከኪሱ የሚሸጠውን የት አግኝተው ያጠብቁበታል? የሐረጎን ቁልቁለት ሳይወርድ ዕቃውን ጨርሷል።

የኔትወርክ ባለሙያዋ፦ ለዚህ መልስ የለኝም።

ከጅዳ የተመለሰችው፦ እኔም የለኝም፤ የእናቴን ስልክ ግን አትዝጉ።

ነጋዴው፦ ይሁን። ጠጋኙ፣ ያች የኩታበር እናት ሄደዋል?

የሞባይል ጠጋኙ፦ አሉ። ባትሪ እስክፈልግ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ለዚህ ሞዴል የሚሆን ባትሪ ፒያሳ ሙሉ የለም።

ነጋዴው፦ ነገ ወደ ደሴ እወጣለሁ። ባለ ቁልፍ አንድ ቀፎ በገዛሁበት ዋጋ ይዤላቸው እመጣለሁ፤ ዋስትና አለው።

የሞባይል ጠጋኙ፦ ጠየቅኋቸው። የገዛህበት ዋጋ እርሳቸው ያንን ከገዙበት እጥፍ ነው። ግማሹን አሁን፣ ግማሹን ከገና በኋላ ይሁንልኝ ብለዋል።

ነጋዴው፦ ይሁን።

የሞባይል ጠጋኙ፦ ኮከብ መሰላል ብዬ ካላየሁ አልቀበልህም።

ነጋዴው፦ ካርቶኑንም አመጣለሁ። ሽንኩርት እንዳያስቀምጡበት ብቻ ንገርልኝ።