ሮጀር ኮርማን ባለውለታ ነው ወይስ በዝባዥ?

ጠያቂዋ፦ አሜሪካዊው የፊልም ፕሮዲውሰርና ዳይሬክተር ኮርማን በ2024 በ98 ዓመቱ ካረፈ ወዲህ የምናነበው ሙገሳ ብቻ ነው (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው)። በርካሽ በጀት የፊልም መዓት ሠራ፣ እንደ ኮፖላ፣ ስኮርሴዚና ጄምስ ካሜሮን ላሉ ዳይሬክተሮች በር ከፈተ ይባላል። እሺ፣ ከፈተ። ግን የሚከፍለው በጣም ትንሽ ነበር፣ ከወጣቶቹ ጉልበት የተጠቀመውም እሱ ነው። እኔ በዝባዥ እለዋለሁ። እናንተስ?

ኤዲተሩ፦ ኧረ ይሄ ቃል ከበደ! ያኔ ስም ለሌለው ልጅ ካሜራ የሚያስጨብጥ ስቱዲዮ የታለ? ኮፖላን አየርላንድ ውስጥ ከሌላ ፊልም በተረፈ ገንዘብ «ዲሜንሺያ 13»ን አሠራው፣ በ1963 ወጣ። ካሜሮን የጠፈር መርከብ ሞዴል ሊሠራ ገብቶ እዛው ፊልም ላይ አርት ዳይሬክተር ሆነ። የ«ተርሚኔተር» ፕሮዲውሰር ጌል አን ኸርድም የኮርማን ረዳት ነበረች። ለሴት ማን እንዲህ ዕድል ይሰጥ ነበር?

ተማሪዋ፦ ሴቶችን ካነሳህ አይቀር ባርባራ ፒተርስንም አንሳት። በ1980 የወጣውን «ሂውማኖይድስ ፍሮም ዘ ዲፕ» ዳይሬክት ያደረገችው እሷ ናት። ቀረጻዋን ከጨረሰች በኋላ ኮርማን ሴቶች የሚደፈሩበትን ትዕይንት በሌላ ሰው አስቀርጾ አስገባበት። ስሜን አውጡልኝ አለች፣ እምቢ አሏት። ይሄ ነው ዕድል?

ኤዲተሩ፦ እሱን አልከላከልለትም፣ ነውር ነው። ግን ገንዘብ ብቻ ነው የሚታየው አትበሉ። በ1962 «ዘ ኢንትሩደር»ን ከኪሱ አውጥቶ ሠርቷል። ጥቁር ተማሪዎች ከነጮች ጋር እንዲማሩ ሲወሰን አንዲት የደቡብ አሜሪካ ግዛቶች ሳይሆን የዩናይትድ ስቴትስ ደቡብ ከተማ ገብቶ ጥላቻ ስለሚዘራ ሰው ነው። ሚዙሪ ላይ እየተዛተበት ቀርጾ ከሰረበት። በ70ዎቹ የስዊድናዊውን ዳይሬክተር የበርግማንን «ክራይስ ኤንድ ዊስፐርስ» ሕዝቡ መኪናው ውስጥ ሆኖ ፊልም የሚያይበት ሜዳ ድረስ ወስዶ ያሳየውም እሱ ነው።

ሳውንድማኑ፦ እኔ ቡም (ማይክ የሚሰቀልበትን ረጅም ዘንግ) ይዤ በነጻ ነው የጀመርኩት፣ ቀጣዩ ፊልም ላይ ትከፈላለህ እየተባልኩ። ቀጣዩ መጣ፣ ክፍያው ግን የለም። ስለዚህ ኮርማንን ከእንደዚህ ዓይነቶቹ ጋር አትደምሩብኝ። ተዋናዩን ሮን ሃዋርድን ተውንልኝና ዳይሬክት ታደርጋለህ አለው፣ ልጁ ተወነ፣ በ1977 የ23 ዓመት ልጅ ሆኖ የመጀመሪያ ፊልሙን አወጣ። ቃል ጠብቋል።

ጠያቂዋ፦ ቃል መጠበቁን እቀበላለሁ። አንድ ነገር ግን ማናችሁም አልመለሳችሁልኝም። የምትጠሩልኝ ሁሉ የተሳካላቸውን ነው። እነሱ ትንሹን ደመወዝ በኋላ አካክሰውታል። እዛው ፊልም ላይ መብራት የተሸከመው፣ ልብስ የሰፋችው፣ ዳይሬክተር መሆንም ያልፈለጉት ምን አገኙ? ሥራቸው ያው ነበር፣ የቀን ዋጋቸውን ብቻ ነው የሚፈልጉት። የኮርማን ውርስ ሲቆጠር እነሱም ይቆጠሩ፣ ክርክሬ እሱ ነው።