ኬሞ ላይ ያለች እናቴን ገጠር ቤት ውስጥ ከኢንፌክሽን እንዴት ልጠብቃት?

ጠያቂ (ከመንዝ)፦
ሰላም እንዴት ናችሁ። እናቴ የጡት ካንሰር ታማለች። አዲስ አበባ ኬሞ ጀምራ ሁለተኛውን ዙር ረቡዕ ወሰደች። እሁድ ወደ ቤታችን፣ መሐል ሜዳ አካባቢ፣ ይዣት ልገባ ነው። ሐኪሟ «ከኢንፌክሽን ጠብቂያት» አለኝ፤ ወረፋው ብዙ ስለነበር ዝርዝሩን ሳልጠይቅ ወጣሁ። ብርዱን ታውቁታላችሁ፣ በጎቻችን ማታ ማታ ከእኛው ጋር ነው የሚያድሩት። ጓሮ ድርቆሽ ተከምሯል። ጎረቤቱ ደግሞ «እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ» ብሎ ሊስማት ይመጣል። እሷ ሰው እንዳትመልሱብኝ ትላለች። ከየት ልጀምር?

ነርስ (ደብረ ብርሃን)፦
አይዞሽ እህቴ። መጀመሪያ ቴርሞሜትር ግዢ። ጠዋትና ማታ ለኪያት፣ ብርድ ብርድ ባላት ቁጥርም ድገሚ። 38 ገብቶ ለአንድ ሰዓት ከቆየ ወይም አንዴ እንኳ 38.3 ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ሂዱ። በብብት ሲለካ ዝቅ ብሎ እንደሚያሳይ አትርሺ፤ ካንቀጠቀጣት ቁጥሩን አትጠብቂ። ስትደርሱ የመጀመሪያ ቃልሽ «ኬሞ ላይ ናት፣ ትኩሳት አላት» ይሁን። አንቲባዮቲኩ በአንድ ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት።

ፓራሲታሞል ሰጥተሽ አታስተኛት። ትኩሳቱን ይደብቀዋል እንጂ ኢንፌክሽኑን አይነካውም። አንዲት እናት ሁለት ቀን ሙሉ በፓራሲታሞል ቆይተው ሲመጡ ደማቸው ግፊት አልነበረውም። እስካሁን አይኔ ላይ አሉ።

የሕክምና ተማሪ፦
ለምን እንደዚህ እንደሚያስቸኩል ልጨምር። ጀራልድ ቦዴይ የሚባል ሐኪምና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር የደም ካንሰር ሕሙማንን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ1966 አንድ ነገር አሳየ። ኒውትሮፊል የሚባለው ነጭ የደም ሴል ባነሰ ቁጥር፣ አንሶም በቆየ ቁጥር፣ ኢንፌክሽኑ ይበዛል። ዛሬም ሐኪሞች ቁጥሩ በአንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ ከ500 በታች ሲወርድ የሚደነግጡት ለዚህ ነው። ከብዙዎቹ የኬሞ ዓይነቶች በኋላ ቁጥሩ በጣም የሚወርደው ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። ረቡዕ ከወሰደች፣ የሚቀጥለው ረቡዕ 7ኛው ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ሳምንት እንደ ዓይንሽ ብሌን ጠብቂው።

ሌላም አለ። መግል የሚሠራው ከእነዚሁ ሴሎች ነው። እነሱ ሲያንሱ ቁስል አይመግልም፣ ብዙም ላያብጥ ይችላል። «ቁስሉ ደህና ነው» ብለሽ አትዘናጊ። ብዙ ጊዜ ያለሽ ምልክት ትኩሳቱ ብቻ ነው።

ከአንኮበር፦
አባቴን እንዲሁ አስታምሜ ነበር። በጎቹን ለአጎቴ ሰጠን፤ ቅር ቢለንም ሌላ መላ አልነበረም። ድርቆሹን እሷ ባለችበት አታገላብጡ፤ የሻጋታው ብናኝ ሳንባ ይገባል። ገብስ ሲበጠር፣ በረት ሲጠረግም እሷ ራቅ ትበል። ጥሬ ሥጋ፣ ያልፈላ ወተት፣ ከእሱ የወጣ እርጎና አሬራ ለጊዜው ይቅሩ። ትኩስ ሽሮ፣ ትኩስ አጥሚት፣ በደንብ የበሰለ እንቁላል ስጧት።

ጠያቂን በር ላይ ሳሙናና ውሃ አስቀምጠን ነው የተቀበልነው። ወንድሜ እየቆመ «አባባ ወደዋችኋል፣ ግን ዛሬ በእጅ ሰላምታ ብቻ» ይል ነበር። ያኮረፈ አልነበረም። ጉንፋን የያዘው ከደጅ ሆኖ እግዜር ይማርህ ብሎ ተመለሰ።

ነርስ (ደብረ ብርሃን)፦
የአንኮበሩ ወንድም ልክ ብሏል፤ ግን እጅ መጨባበጡም ይቅር፣ ከራቅ ብሎ ጎንበስ ማለት ይበቃል። ውሃ ስታፈሉ ደግሞ እኛ ደጋ ነን። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ ነው የሚንተከተከው፤ መፍላት ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። ጥርሷን በለስላሳ ብሩሽ ትቦርሽ፤ አፏ ከቆሰለ ንገሪን።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጸበልስ? ሳልጠጣ አልውልም ትላለች።

ዲያቆን (ከደብረ ሲና)፦
የንስሐ አባቷን አማክሪ። እኔ ብሆን፣ ደሟ እስኪመለስ በመቅመስ ፈንታ ጸሎቱንና መስቀሉን እላት ነበር። በጾሙም ለታመመ ሰው ቤተ ክርስቲያን ታዝናለች፤ አባ ራሳቸው ቢነግሯት ትሰማለች።

ጠያቂ (ከሦስት ቀን በኋላ)፦
ደርሰናል፤ ግን ያደረግነው ሌላ ነው። ሌሊት ከመንዝ መኪና እንደማይገኝ ስናስብ ፈራን፣ እስከ 14ኛው ቀን ደብረ ብርሃን አክስቴ ቤት ልትቆይ ነው። ባናዋን አጥበን ፀሐይ ላይ አስጥተን ይዘንላት መጣን። አባ ደውለውላት ስለ ጸበሉ ተስማማች። ዛሬ ማታ 36.8 ነው። ደብተር ላይ እየጻፍኩ ነው።