48 ተማሪ፣ 20 ኮምፒውተር፦ 7ኛ ክፍልን ኪቦርድ ሳያዩ መጻፍ እንዴት ላስተምር?

አይሲቲ_7ኛ

ሰላም ለሁላችሁ። በመንግሥት ትምህርት ቤት 7ኛ ክፍል አይሲቲ አስተምራለሁ። በአንድ ሴክሽን 48 ተማሪ አለ፤ የሚሠሩት ኮምፒውተሮች 20 ናቸው። በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ አለን፣ እያንዳንዱ 40 ደቂቃ። ኢንተርኔት የለም፤ መብራትም ይቆራረጣል። ልጆቹ በሁለት ጠቋሚ ጣት ፊደል እየፈለጉ ነው የሚጽፉት፤ በአስሩም ጣት ጻፉ ስላቸው አጠገባቸው እስከቆምኩ ድረስ ብቻ ነው። ከየት ልጀምር? የማሽን እጥረቱንስ እንዴት ልወጣው? ሌላው ጥያቄዬ አማርኛውን መቼ ላስገባ የሚለው ነው፤ እንግሊዝኛው ሳይጸና ከጀመርኩ ይደናገራሉ ብዬ እሰጋለሁ።

ጣት_በቦታው

መምህር፣ ከፊደሎቹ በፊት አቀማመጡን ያስተካክሉ። አብዛኛው ልጅ የሚቀመጠው ከጠቅላላው ኪቦርድ መሃል ፊት ለፊት ነው። ቀኝ ጫፍ ላይ የቁጥሮቹ ክፍል ስላለ ሰውነቱ ከፊደሎቹ ወደ ቀኝ ይወጣል፣ ግራ እጁም ይጣመማል። እምብርቱ በጂ እና በኤች መካከል ትይዩ ይሁን። ከኪቦርዱ ሥር ያሉት ሁለት እግሮች ይታጠፉ፤ ከተነሱ የእጅ አንጓ ወደ ላይ ይሰበራል።

ከዚያ ሆም ሮው፣ ማለትም ጣቶች የሚያርፉበት መሃለኛው ረድፍ። የግራ ጣቶች በኤ፣ ኤስ፣ ዲ፣ ኤፍ ላይ፤ የቀኝ ጣቶች በጄ፣ ኬ፣ ኤል እና ሴሚኮለን ላይ። በኤፍ እና በጄ ላይ ያሉት ትናንሽ ጉብታዎች ጠቋሚ ጣት በዳሰሳ ቦታውን እንዲያገኝ የተሠሩ ናቸው፤ ዓይን ጨፍኖ እጅን አንስቶ መልሶ ማሳረፍን ብቻ ለአምስት ደቂቃ ያለማምዷቸው። ሁለት ክፍለ ጊዜ ከሆም ሮው አይውጡ። ቀጥሎ በየክፍለ ጊዜው ሁለት አዲስ ፊደል፦ መጀመሪያ ኢ እና አይ፣ ከዚያ አር እና ዩ፣ ቲ እና ዋይ፣ ኦ እና ደብሊው። የታችኛው ረድፍ ከዚያ በኋላ ይምጣ። ኪው፣ ፒ፣ ኤክስ እና ዜድ መጨረሻ ላይ ይቆዩ፤ ደካማ ጣቶች ስለሚነኳቸውና ብዙም ስለማያስፈልጉ። ቁጥሮችን ለሁለተኛው ሴሚስተር ይተዉአቸው።

ትልቁ ስህተት ያለው መመለሱ ላይ ነው። ልጁ ኢ የሚለውን ፊደል ለመጫን የግራ መሃል ጣቱን ብቻ መላክ ሲገባው እጁን በሙሉ ያነሳል። ሲመለስ አንድ ቁልፍ ያህል ይስታል፤ ከዚያ በኋላ የሚጽፈው ሁሉ ትርጉም የሌለው ፊደል ይሆናል። እንዲህ ሲሆን «ወደ ታች እይ» አይበሉት፣ «ጉብታውን ፈልግ» ይበሉት።

ዓይን ለመከልከል ውድ ነገር አያስፈልግም። አንድ ኤፎር ወረቀት በአግድም አድርገው የላይኛውን ጠርዙን በፕላስተር ከኪቦርዱ አናት ጋር ያያይዙት፤ እጅ ከሥሩ ይገባል። የወረቀቱ ስፋት ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ የፊደሎቹን ክፍል ልክ ይሸፍነዋል። በቁልፎቹ ላይ ስቲከር መለጠፍን አልመክርም፤ ያንኑ ማሽን ሌላ ክፍል ይጠቀምበታል፣ ሙጫውም ይቀራል።

ፍጥነትን ለጊዜው ይርሱት። በእስክሪብቶ ጠረጴዛ እየመቱ፣ በአንድ ምት አንድ ፊደል። በደቂቃ 60 ምት ለጀማሪ ይበቃል፤ አንድ ቃል አምስት ምት ተብሎ ስለሚቆጠር በደቂቃ 12 ቃል ማለት ነው። ባክስፔስንም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይከልክሉ። ልጁ በተሳሳተ ቁጥር ቀኝ እጁን ወደዚያ ሲወረውር ቦታውን ይለቃል።

ላብ_ጠባቂ

በማሽኖቹ በኩል ልጨምር። የታይፕ ክፍለ ጊዜ ከመጀመሩ በፊት በዊንዶውስ ሁለት ነገር ይዝጉ፦ ስቲኪ ኪይስ እና ፊልተር ኪይስ። ሺፍት አምስት ጊዜ ተከታትሎ ከተጫነ ስቲኪ ኪይስ ጥያቄ ይዞ ብቅ ይላል፤ ልጁ ሳያነብ «የስ» ይላል፣ ከዚያ ፊደሎቹ ባልተጠበቀ ቦታ ትልቅ ይሆናሉ። የቀኝ ሺፍት ለስምንት ሰከንድ ተጭኖ ከቆየ ደግሞ ፊልተር ኪይስ ይመጣል። ትንሽ ጣቱን እዚያ ላይ አሳርፎ የሚቀመጥ ልጅ ሁሌም አለ። ከተከፈተ ኪቦርዱ ፈጣን ምትን ይውጣል፣ «ቲቸር፣ ተበላሽቷል» የሚል ይበዛል። ሁለቱም ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ኢዝ ኦፍ አክሰስ በሚለው ሥር ናቸው፤ በሺፍት የሚከፈቱበትን አቋራጭ ጭምር ያጥፉት።

ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩ ነጻ ፕሮግራሞች አሉ። ክላቫሮን አስቀድማለሁ፦ ከሆም ሮው ጀምሮ በደረጃ ይወስዳል፣ የራስዎን ጽሑፍም ማስገባት ይቻላል። ተክስ ታይፒንግ ጨዋታ ስለሆነ ልጆች ይወዱታል፤ ግን ፊደል ከላይ እየወረደ ሲያስቸኩላቸው ያልተማሩትን ቁልፍ በዓይን መፈለግ ይጀምራሉ። የተማሯቸውን ፊደሎች ብቻ በያዘ የቃላት ዝርዝር ካልሆነ አይክፈቱት።

ለ48 ተማሪ፦ 12 ማሽን ላይ ሁለት ሁለት፣ 8 ማሽን ላይ ሦስት ሦስት። ማሽን ለመክፈትና ለመዝጋት 10 ደቂቃ ይተዉና ቀሪውን 30 ደቂቃ በሦስት ዙር ይክፈሉት። ሦስት በሆኑበት እያንዳንዱ አንድ ዙር ያገኛል፤ ሁለት በሆኑበት ሦስተኛው ዙር ወደ ኋላ ለቀረው ይሰጥ። ሦስት ሦስት የሚሆኑት በየሳምንቱ ይቀያየሩ። ተራ የሚጠብቀው ሥራው የጓደኛውን ዓይንና ጣት መከታተል ነው፤ ወደ ታች ባየ ቁጥር ምልክት ያደርጋል።

አይሲቲ_7ኛ

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ተራ ለሚጠብቁት የኪቦርድ ሥዕል በወረቀት ኮፒ አድርጌ ባድልስ? ውጤትስ በምን ልያዝ?

ላብ_ጠባቂ

ወረቀቱ የፊደሎቹን ቦታ ለማስጠናት ይረዳል፣ ለጣት ግን አይጠቅምም። ጉብታ የለው፣ የቁልፍ ጠርዝ የለው፤ ልጁ መዳሰስን ሳይሆን ማየትን ይለማመድበታል። የተሻለው መጋዘን ውስጥ የተጣሉ ኪቦርዶች ናቸው። ገመዱ የተበጠሰም ቢሆን ጉብታው አለ፣ ቁልፉም ይረግጣል። አቧራውን አራግፈው የወላለቁ ቁልፎችን ከሌላ አምጥተው ይግጠሙ። ተራ ጠባቂው በዚያ ላይ እጁን ያሳርፍ፣ እርስዎ ፊደል ይጥሩ፣ ሁሉም ይጫን። መብራት ሲጠፋም ክፍሉ በሙሉ በዚሁ ይቀጥላል።

ጣት_በቦታው

ለውጤቱ፦ የመጀመሪያውን ሴሚስተር ከ20 ቢይዙ 8 ለጣት አቀማመጥ፣ 8 ለትክክለኛነት፣ 4 ለፍጥነት ይስጡ። ትክክለኛነት ከ95 በመቶ በታች ከሆነ የፍጥነት ነጥብ አይኑር። ስሌቱ ቀላል ነው፤ በ3 ደቂቃ 300 ምት የመታ ልጅ 60 ቃል ጽፏል፣ በደቂቃ 20 ማለት ነው። ፍጥነት ብቻ ከለኩ በሁለት ጣት የሚሮጠው ልጅ ከፍተኛ ውጤት ያገኛል፣ የሚተውበት ምክንያትም ያጣል።

ፊደል_በጣት

የአማርኛውን ጥያቄ ማንም አልነካውም። እኔ እስከ መጨረሻ አያቆዩት ባይ ነኝ። እንደ ኪይማን ባሉ በድምፅ በሚጻፍባቸው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ጣቶቹ የሚሄዱት እዚያው የእንግሊዝኛው ቦታ ላይ ነው፤ ሰላም ለማለት ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤም ይጫናል። አዲስ የጣት ካርታ ስለሌለ የሚያደናግር አይደለም።

እንዲያውም ለሆም ሮው አማርኛ ይመቻል። ሳድስ ፊደል አናባቢ ቁልፍ አይፈልግም፤ ስለዚህ ከመሃለኛው ረድፍ ሳይወጡ ስልክ፣ ልጅ፣ ልክ፣ ድል፣ ድግስ፣ ግድግዳ፣ ፋስ፣ ዳስ፣ ካሳ እና ሳድስ የሚሉት ቃላት ይጻፋሉ። ልጁ በመጀመሪያው ሳምንት የሚያውቀውን ቃል ሳያይ ሲጽፍ ፊቱ ላይ ያለው ደስታ ቀላል አይደለም፤ ትርጉም የሌለው የፊደል ድግግሞሽ ያንን አይሰጥም።

የሚከብደው ሺፍት ነው፤ በእንግሊዝኛ ለዓረፍተ ነገር መጀመሪያና ለስም ነው፣ በአማርኛ ግን በቃል መሃል ይመጣል። ሕጉ አንድ ነው፦ ፊደሉን የሚጫነው አንዱ እጅ ከሆነ ሺፍቱን ሌላው ይያዝ። ጥ እና ጭ የግራ እጅ ስለሆኑ ቀኝ ሺፍት፤ ኝ የቀኝ እጅ ስለሆነ ግራ ሺፍት። ይህን ካላስለመዷቸው ካፕስ ሎክ ማብራት ይጀምራሉ፣ ከዚያ ት ለመጻፍ አስበው ጥ ይወጣል። ሺፍት የሚፈልጉ ፊደሎች ከፕሮግራም ፕሮግራም ስለሚለያዩ ላቡ በሙሉ አንድ ዓይነት ይጫንበት፤ ግማሹ ፓወር ግዕዝ ግማሹ ኪይማን ከሆነ ቦታ የቀየረ ልጅ ሁሉ ይጠፋበታል።

ፈተና ላይ አማርኛን በፊደል ብዛት አይለኩ። ሰላም ሦስት ፊደል ነው፣ አምስት ምት ግን ይጠይቃል። የሚፈተኑበትን ጽሑፍ አስቀድመው ራስዎ እየጻፉ ምቶቹን ይቁጠሩ፣ ሺፍትን ግን አይቁጠሩት፤ ያን ጊዜ ከእንግሊዝኛው ጋር በአንድ ሚዛን ይመዘናሉ።