የባንዲራዎቼ ጫፍ አልሾል አለኝ፣ እርዱኝ

ሰላም ናችሁ? ለልጄ ክፍል ግድግዳ የሚሰቀል የጨርቅ ማስጌጫ እየሰራሁ ነው። ያው ትንንሽ ባለ ሦስት ማዕዘን ባንዲራዎች በጥብጣብ ላይ ተደርድረው የሚንጠለጠሉበት ዓይነት። ቀላል መስሎኝ ነበር የገባሁበት። ይኸው ሦስተኛ ሌሊቴ ነው።

ለ12 ባንዲራ የሚሆን ስስ የጥጥ ጨርቅ ቆርጫለሁ። ከላይ ስፋታቸው 20፣ ቁመታቸው 25 ሳንቲ ሜትር። ሁለት ሁለቱን የውጭ ፊታቸውን ወደ ውስጥ አድርጌ ገጠምኩ፣ ጎንና ጎናቸውን ሰፋሁ፣ ከዚያ ገለበጥኳቸው። ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ጫፉ መሾል ሲገባው ድቡልቡል ብሎ ቀረ። ውስጡ የታጨቀ ጨርቅ በጣት ይዳሰሳል። ትርፉን በመቀስ ቀነስ አድርጌ በእርሳስ ገፋ ሳደርገው አንዱ ተቀደደ። (በእርሳሱ አትፍረዱብኝ፣ እኩለ ሌሊት ነበር።)

አንዳንዶቹ ደግሞ ተጣመዋል። በሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ እንደሚለጠጥ አውቃለሁ፤ ስሰፋ ሳላውቀው እየጎተትኩት ይሆን? በካውያ ብተኩሰውም ያው ነው።

ጫፉ ላይ ስደርስ መርፌውን እንደተተከለ ትቼ ጨርቁን በአንዴ ላዙር ወይስ አንድ ሁለት ስፌት አግድም ልሂድ? የስፌቱን ርዝመት 2.5 ሚሊ ሜትር ላይ አድርጌዋለሁ፣ እዚያ ጋ ላሳጥረው? ጥብጣቡንስ ሳይሸበሸብ እንዴት ነው የምትሰፉት? በሙጫ ለጥፊው ብቻ እንዳትሉኝ፣ የሚታጠብ ነገር ነው።

ያልሰፋኋቸው 7 ቀርተውኛል። እነሱንም ሳላበላሽ ድረሱልኝ።