ፕሮሎግ ላይ የሽያጭ ድምር እምቢ አለኝ፣ 90 ብር ይጎድላል

የሱቅ ልጅ፦
ሰላም ጓዶች፣ ለኮርስ ፕሮጀክት የሱቅ ሽያጭ ፕሮሎግ (በፋክትና በጥያቄ የሚሠራ የፕሮግራም ቋንቋ) ላይ እያስገባሁ ነው፣ የለመድኩት ፓይተን ስለሆነ ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ነው። ፋክቶቹ እነዚህ ናቸው (ማሽኑ ላይ ትእዛዞቹ በላቲን ናቸው፣ እዚህ ኪቦርድ መቀያየር ሰልችቶኝ ሁሉንም በፊደላችን ጻፍኩት፣ በ_ የሚጀምረው ስም ቫሪያብል ነው)

ሽያጭ(ሰኞ, ስኳር, 90).
ሽያጭ(ሰኞ, ዘይት, 250).
ሽያጭ(ማክሰኞ, ስኳር, 90).
ሽያጭ(ረቡዕ, ሳሙና, 40).

በእጄ ስደምረው 470 ነው። መጀመሪያ _ድምርን 0 አድርጌ _ድምር ኢዝ _ድምር + _ብር አልኩ፣ ፎልስ። ከዛ መልሶችን ሊስት ውስጥ በሚሰበስበው ባግኦፍ(_ብር, ሽያጭ(_, _, _ብር), _ሊስት) ስለው [90] ብቻ አመጣ፣ ቀጣዩን መልስ ለማየት ሴሚኮለን ስጫን ሌላ ቁርጥራጭ። ሌላው ሰብሳቢ ሴትኦፍ ላይ ደግሞ ከሆነ ቦታ ያየሁትን ^ ጨምሬ አንድ ላይ መጣልኝ ግን ድምሩ 380! 90 ብሬን ማን በላው?

ነጭ ሰሌዳ፦
ብሮ ሴትኦፍ ነው የበላው 😂 እሱ የተደጋገመ ነገር አይወድም፣ ስኳር ሰኞም ማክሰኞም 90 ስለሆነ አንዱን ጥሎ [40, 90, 250] አስቀረልህ። ለድምር አትንካው። ኢዝ ደግሞ እንደ ፓይተን እኩል ይሆናል ምልክት አይደለም፣ አንዴ ዋጋ የያዘ ቫሪያብል አይቀየርም፣ አንተ ያልከው "0 ማለት 0 + 90 ነው" ነው፣ ውሸት ስለሆነ ፎልስ አለህ። ወደኋላ ተመልሶ ሌላ ፋክት ሲፈልግም የቅድሙን ይረሳዋል፣ ስለዚህ መጀመሪያ በፋይንድኦል ሰብስብ ከዛ በሰም_ሊስት ደምር፦

ፋይንድኦል(_ብር, ሽያጭ(_, _, _ብር), _ሊስት), ሰም_ሊስት(_ሊስት, _ድምር).

የሱቅ ልጅ፦
ብሮ ሳይሆን ሲስ ነኝ 😄 470 አለ፣ ተባረክ! ግን ባግኦፍ ለምን ቆራረጠው? _ ማለት "አያገባኝም" ማለት አይደል እንዴ?

የድሮ ተማሪ፦
ፋይንድኦል ውስጥ አዎ፣ ባግኦፍ ውስጥ ግን አይደለም፣ እኔንም በጊዜው ሁለት ቀን አንከራቶኛል። ባግኦፍ ዋጋ ያልያዘ ቫሪያብል ካየ ስም ባይኖረውም በሱ ይከፋፍላል፣ ያንቺ የቀንና የዕቃ ጥንዶች አራቱም ስለሚለያዩ አራት ባለ አንድ ቁጥር ሊስት ሰጠሽ። ^ ደግሞ "በዚህ አትከፋፍል" ማለት ነው። ይሄ ጸባዩ የቀን ድምር ስትፈልጊ ግን ምርጥ ነው፦

ባግኦፍ(_ብር, _ዕቃ^ሽያጭ(_ቀን, _ዕቃ, _ብር), _ሊስት), ሰም_ሊስት(_ሊስት, _ድምር).

ማክሰኞ 90፣ ረቡዕ 40፣ ሰኞ 340 እያለ ይመጣል። ሰኞ መጨረሻ መምጣቱ አይግረምሽ፣ የሚደረድረው በፊደል ነው፣ መ ረ ሰ። ደግሞ በፊደላችን ስትጽፊ _ እንዳትረሺ፣ እኛ ጋ ትልቅና ትንሽ ፊደል ስለሌለ ባዶውን ብር ካልሽው አቶም (እንደ ስኳር ያለ ቋሚ ስም) ነው የሚመስለው።

አቋራጭ፦
ስዊ ፕሮሎግ (ከፕሮሎግ ዓይነቶች አንዱ) ከሆነ ምን አደከማችሁ፣ ሰብስቦ የሚደምር አንድ ትእዛዝ አለ

አግሪጌት_ኦል(ሰም(_ብር), ሽያጭ(_, _, _ብር), _ድምር).

አለቀ። በሰም ፋንታ ካውንት ካልሽ ይቆጥርልሻል፣ ማክስ(_ብር, _ዕቃ) ብለሽ ሽያጭ ውስጥ ሁለተኛውን _ በ_ዕቃ ከተካሽ ደግሞ ማክስ(250, ዘይት) ብሎ የትኛው ዕቃ እንደሆነም ይነግርሻል።

ነጭ ሰሌዳ፦
ይቅርታ ሲስ 🙏 አቋራጭ ልክ ነው፣ ግን ምንም ያልተሸጠበት ቀን ላይ ተጠንቀቂ። ሐሙስን ብትጠይቂ ፋይንድኦል [] ይሰጥና ድምሩ 0 ይሆናል፣ አግሪጌት_ኦል በሰምም 0 ይላል፣ ባግኦፍ ግን ፎልስ ብሎ የቀረውን ጥያቄሽን ይዞት ይወድቃል። ማክስም እንደዛው፣ ከባዶ ውስጥ ትልቁን ከየት ያምጣ።

የሱቅ ልጅ፦
ኧረ ሪፖርቴ ላይ ሐሙስ የጠፋው ለዛ ነዋ! ቀን(ሰኞ). ቀን(ማክሰኞ). እያልኩ እስከ ሐሙስ ፋክት ጨመርኩና ይሄን አልኩት፦

ቀን(_ቀን), ፋይንድኦል(_ብር, ሽያጭ(_ቀን, _, _ብር), _ሊስት), ሰም_ሊስት(_ሊስት, _ድምር).

ሐሙስ 0 ብሎ መጣ፣ ሰኞም በጻፍኩት ተራ መጀመሪያ ወጣ 🙌